ለሚጡ፣ ከሐረጎ ቁልቁለት ማዶ

ሚጡዬ፣ እንደምን ከርመሻል?

ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን የሚሉት ነው እንደምትዪ አውቃለሁ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ሦስት ጊዜ ስልኬን አውጥቼ ስምሽ ላይ ስደርስ መልሼ ዘግቼዋለሁ። "ሄሎ" ካልሽ በኋላ የሚመጣውን ዝምታ ፈራሁት። ከደሴ ኮምቦልቻ ሃያ ምናምን ኪሎ ሜትር ነው። ሐረጎን ለመውረድ አራት ዓመት ፈጀብኝ ብል ማን ያምነኛል?

እማማ ሲያርፉ ለቅሶሽ ላይ አልደረስኩም። በ2014 ሁላችንም በየፊናችን ተበትነን ነበር፣ መርዶውን የሰማሁት ከወር በኋላ ነው። ይሄ ግን ምክንያት የሚሆነኝ ለዚያች ለአንዷ ወር ብቻ ነው። ከዚያ ወዲያ ያለው እፍረት ነው። ዛሬ ነገ ስል ሳምንት አለፈ፣ ሳምንቱ ሲያልፍ ደግሞ ምን ብዬ ልግባ አልኩ። አላህ ይርሐማቸው። "በረካውን ሳትጠጪማ አትሄጂም" እያሉ ስንቴ ሚኒባስ አስመልጠውኛል።

እኔ አሁንም እዚያው ነኝ፣ መምህራን አሠለጥናለሁ። ካለፈው ዓመት ወዲህ ሰባተኛና ስምንተኛ ክፍል የሚያስተምሩትን እጩዎች ይዣለሁ። መካከለኛ ደረጃ ተብሏል አይደል አሁን? አባቴ ይሄን ሲሰማ ሳቀብኝ። "ጁኒየር ነዋ!" አለ። እሱ ሲማር ስድስት ዓመት አንደኛ ደረጃ፣ ሁለት ጁኒየር፣ አራት ሃይስኩል ነበር። የ1986ቱ ፖሊሲ መጣና ከአንድ እስከ ስምንት አንደኛ ደረጃ ሆነ። አሁን ደግሞ ተመልሶ ስድስት፣ ሁለት፣ አራት። "ታዲያ መጀመሪያ ለምን ነካችሁት?" ይለኛል፣ የነካሁት እኔ እመስል።

ደብዳቤውን የጻፍኩት ግን በአንድ ልጅ ምክንያት ነው።

ባለፈው ዓመት የማስተማር ልምምድ (ፕራክቲከም) ላይ አንዱን እጩ ልገመግም ሰባተኛ ክፍል ገባሁ፣ ከኋላ ተቀመጥኩ። ጎበዝ ልጅ ነው። ጋውኑ ተተኩሷል፣ የሰሌዳ ጽሑፉ ያምራል፣ ይቀልዳል፣ ተማሪዎቹ ይወዱታል። አማርኛ ነበር፣ አንዱን ተማሪ አስነስቶ ምንባብ አስነበበው። ልጁ ቀጭን፣ ረዘም ያለ፣ ሹራቡ ክንዱ ላይ ያጠረበት። ሁለተኛው ዐረፍተ ነገር ላይ ድምፁ ተሰበረ። ያቺን ነገር ታውቂያታለሽ፣ ከጎርናናው ድንገት ወደ ቀጭኑ ትዘላለች። እጩዬ ፈገግ ብሎ "ኧረ አውራ ዶሯችን ሊነጋ ነው እንዴ?" አለ።

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅኩ ሚጡ። የምዘና ቅጹ ላይ "ተማሪዎችን አሳትፏል" የሚል መስመር አለ። እዚያ ላይ ሙሉ ነጥብ ሰጠሁት። ከመቶ 91 አገኘ።

በሁለተኛው ሳምንት ስመለስ ያ ልጅ የለም። ምነው ብዬ ጎኑ የሚቀመጠውን ጠየቅኩት። "አውራው? ቀርቷል" አለኝ። ስሙን አልጠራልኝም፣ አውራው ነው ያለኝ። በኋላ ተመልሶ መጥቷል። በሦስተኛው ጉብኝቴ መጨረሻ ዴስክ ላይ አየሁት። የስም ጥሪ ሲደርሰው "አቤት" አላለም፣ እጁን ብቻ አወጣ።

ዴቪድ ኤልካይንድ የሚባለውን የሥነ ልቦና ሰው ታስታውሺያለሽ? እ.ኤ.አ. በ1967 ስለዚህ ዕድሜ ጽፏል። ልጁ ሁልጊዜ መድረክ ላይ የቆመ፣ ሰው ሁሉ እሱን ብቻ የሚያይ ይመስለዋል ነው ነገሩ። እኛም ብጉር ስናወጣ ደሴ ሙሉ ያየን ይመስለን አልነበር? እኔ ይህን ስንት ዓመት አስተምሬያለሁ! ለፈተናም አወጣዋለሁ፣ "አብራራ" ብዬ፣ 5 ማርክ። ያ እጩም አብራርቶ 5 ከ5 አግኝቷል። ፊቱ ቆሞ ያነበበውን ልጅ ግን አላየውም። እኔም አላየሁትም። ቅጹም የሚያይበት ቦታ የለው።

ነገሩ የኛ ብቻ አይደለም፣ ይሄ ያጽናናል ባልልም። አሜሪካኖቹ ጁኒየር ትምህርት ቤታቸው የትልቁ ሃይስኩል ቅጂ ሆኖባቸው፣ ዊሊያም አሌክሳንደር የሚባል ምሁር እ.ኤ.አ. በ1963 ለዚህ ዕድሜ የራሱ ትምህርት ቤት ያስፈልገዋል ብሎ ነበር። ትምህርት ቤቶቹ ተከፈቱ። መምህራኑ ግን ለብዙ ዓመት የሚሠለጥኑት ወይ ለታናናሾቹ ወይ ለሃይስኩል ነበር። መሃሉ ላይ ያለው ልጅ ለሁለቱም ትርፍ ነው።

የኛ ደግሞ ይብሳል። ትምህርት የተቋረጠበት፣ ዘግይቶ የገባ፣ ሁሉም እዚያው ነው። የ12 ዓመት ልጅና የ16 ዓመት ጎረምሳ አንድ ዴስክ ላይ ታገኚያለሽ። ሴቶቹ ቀድመው ያድጋሉ፣ ወንዶቹ ገና አንገታቸው ድረስ ናቸው። በዚያ ላይ በየ40 ደቂቃው ሌላ መምህር።

ዘንድሮ ታዲያ አንድ ነገር ለወጥኩ። እጩዎቹ ጠመኔ ከመያዛቸው በፊት እያንዳንዳቸው አንድ ተማሪ መርጠው አንድ ሙሉ ቀን ይከተሉታል። ከሰልፉ ጀምሮ እስከ መጨረሻው ደወል። ለልጁ አይነገረውም፣ ከኋላ ቁጭ ብሎ ማየት ብቻ ነው። መጀመሪያ አጉረመረሙ። "ቲቸር፣ ይሄ ስንት ይይዛል?" አሉኝ። ምንም አይዝም አልኳቸው።

አንዷ ሪፖርቷን ይዛ መጣች፣ ግማሽ ገጽ። አምስት መምህር ገብቶ ወጣ። የተከተለቻት ልጅ ስም የተጠራው አንዴ ነው፣ ጠዋት፣ ከመዝገብ ላይ። ከዚያ ውጪ ቀኑን ሙሉ ማንም ምንም አላላትም። "ጥፋት ብታጠፋ ኖሮ ይሻላት ነበር" ብላ ነው የጨረሰችው። ወረቀቱን ጠረጴዛዬ መሳቢያ ውስጥ አስቀምጫለሁ፣ ስመጣ አሳይሻለሁ።

ይቺው እጩ የምታስተምረው ሒሳብ ነው። ኔጌቲቭ ቁጥር ስታስተምር የሱቅ የዱቤ ደብተር ይዛ ገባች። 50 ብር አለኝ፣ 80 ብር ዱቤ አለብኝ፣ ስንት ነኝ? ክፍሉ ተነቃቃ፣ ዱቤ የማያውቅ ማን አለ። ማባዛት ላይ ሲደርሱ አንድ ልጅ ከመስኮቱ በኩል "ቲቸር፣ ዕዳ በዕዳ ሲባዛ እንዴት ነው ትርፍ የሚሆነው?" አለ።

ቀጥ አለች። እኔም ከኋላ ትንፋሼን ያዝኩ። ያለፈው ዓመቱ እጩ ቢሆን ቀልድ ይወረውር ነበር፣ ሌላው "ሕጉ ነው፣ ጻፍ!" ይለዋል። እሷ ግን "ጥሩ ጥያቄ ነው፣ አሁን መልሱ የለኝም፣ ነገ ይዤ እመጣለሁ" አለች። በማግስቱ ዱቤውን ትታ ሰሌዳው ላይ ቁልቁል ደረደረችው። 3 በኔጌቲቭ 2፣ ኔጌቲቭ 6። 2 በኔጌቲቭ 2፣ ኔጌቲቭ 4። 1 ሲሆን ኔጌቲቭ 2። ዜሮ ሲሆን ዜሮ። "ሁልጊዜ በስንት እየጨመረ ነው? ቀጥሎስ ኔጌቲቭ 1 ሲሆን?" አለች። ያ ልጅ ሳይጠራ ተነስቶ "ፖዘቲቭ 2!" ብሎ ጮኸ። ጮኾ ደግሞ አፈረና ተቀመጠ። እሷ ስሙን ጠርታ "ትናንት ስለጠየቅክ ነው ዛሬ ይሄን ያገኘነው" አለችው።

ቅጹን አውጥቼ "የትምህርት ዓላማውን በሰዓቱ አጠናቋል" የሚለው ላይ "አላጠናቀቀችም" ማለት ነበረብኝ። የአንዱን ቀን ትምህርት ሁለት ቀን ወስዳበታለች። ብዕሬን ይዤ ብዙ ቆየሁ። በመጨረሻ መስመሩን ባዶ ተውኩት፣ ለዚህም ቢሮ ተጠርቼ ተጠይቄያለሁ።

አሁን ልመናዬ። አንቺ እዚያ ታች ስንት ዓመት ሰባተኛ ክፍል ይዘሻል? ተማሪ ሲናደድብሽ አንድም ቀን ስትጮሂ አላየሁሽም። ያኔ ማደሪያ እያለንም ያስቀናኝ ነበር። አራት እጩዎች ላምጣና አንድ ቀን ክፍልሽ ኋላ ይቀመጡ። ሌክቸር እንድትሰጪያቸው አይደለም፣ እንደሁልጊዜው አስተምሪ። የልጆቹን ስም እንዴት እንደምትጠሪ ይስሙ።

የመጪው ሳምንት ሐሙስ የሚመች ከሆነ በመልእክት "እሺ" በዪኝ፣ አንድ ቃል ይበቃኛል። እጩዎቹ በጠዋቱ ሚኒባስ ይመጣሉ። እኔ ግን ረቡዕ ከሰዓት ነው የምወርደው፣ ብቻዬን። ቡና ይዣለሁ፣ እጣኑ ከአንቺ። ልቅሶዬን አልቅሼ ነው ክፍልሽ የምገባው።

ያችው የላይኛዋ አልጋ፣
ደሴ