ስሊፕ ወይስ ሃይበርኔት

ውድ እህቴ፣

እንደምን ከርመሽልኛል? እማማስ ደህና ናቸው? መልስ ሳልጽፍልሽ ብዙ ቆየሁ፤ ቅያሜሽን ስንገናኝ እንጨርሰዋለን። ለክረምት ትምህርት ከአጋሮ ወደ ጅማ ልትመጪ ስለሆነ፣ ያኔ «ላፕቶፔን ሳልዘጋው ላቆየው ስፈልግ ስሊፕ ይሻላል ወይስ ሃይበርኔት?» ብለሽ የጠየቅሽኝን አሁን ልመልስልሽ። እዚህ ክረምት ላይ መብራት አይታመንምና ነገሩን ቀድመሽ ብታውቂው ይሻላል።

ክዳኑን ስትዘጊው ላፕቶፑ አብዛኛውን ጊዜ ስሊፕ ውስጥ ይገባል። የከፈትሽው ሁሉ ራም (የኮምፒውተሩ ጊዜያዊ ማስታወሻ) ላይ ይቆያል፤ ራም ደግሞ ኃይል ከተቋረጠበት የያዘውን ሁሉ ያጠፋል። ስለዚህ ተኝቶም ባትሪ ይበላል። ባትሪው ካለቀ ሴቭ ያላደረግሽው ጽሑፍ አብሮ ይሄዳል። ሃይበርኔት ግን ራም ላይ ያለውን ዲስክ ላይ ጽፎ ድርግም ይላል። ቻርጅ ባይኖረው እንኳ መብራት ሲመጣ ካቆምሽበት ይቀጥላል። ለሻይ ዕረፍት ስሊፕ ይበቃል፤ ለሌሊትና ለመንገድ ሃይበርኔት።

ዊንዶውስ 10 ላይ ሃይበርኔት ብዙ ጊዜ ሜኑው ውስጥ አይታይም። ኮንትሮል ፓነል፣ ከዚያ ፓወር ኦፕሽንስ ግቢ። በግራ በኩል የፓወር ቁልፎቹ ምን እንደሚሠሩ የሚመረጥበትን መስመር ተጫኚ፤ ከላይ የደበዘዙትን ምርጫዎች የሚከፍተውን ጽሑፍ ተጫኚና ሃይበርኔት ላይ ምልክት አድርገሽ ሴቭ በዪ። እዚያው ገጽ ላይ ክዳኑ ሲዘጋ፣ በባትሪ ሲሆን፣ ሃይበርኔት እንዲያደርግ ምረጪ። ሲ ድራይቭሽ (ዊንዶውስ የተጫነበት የዲስክ ክፍል) ጢም ብሎ እንዳይሞላ፤ 8 ጊጋ ራም ካለሽ ለዚህ ሥራ 3 ጊጋ ገደማ የተደበቀ ፋይል ይይዛል።

ዋናው ጣጣ ያረጀ ባትሪ ነው። ዊንዶውስ ባትሪው 5 በመቶ አካባቢ ሲደርስ ራሱ ሃይበርኔት እንዲያደርግ ይዘጋጃል። ያረጀ ባትሪ ግን 12 እያለ በአንዴ ዜሮ ይገባል፤ ማሽኑ ዲስክ ላይ ለመጻፍ ፋታ ሳያገኝ ይጠፋል። ብዙ ሰው «ሃይበርኔት አይሠራም» የሚለው ለዚህ ነው፤ ጥፋቱ ግን የባትሪው ነው። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ፓወር ኦፕሽንስ ውስጥ ከምትጠቀሚበት ፕላን ጎን ያለውን ማስተካከያ ክፈቺ፣ አድቫንስድ ሴቲንግስ ግቢ፣ ባትሪ የሚለውን ዘርግተሽ ክሪቲካል ሌቭሉን፣ ማለትም ማሽኑ ራሱ እርምጃ የሚወስድበትን የባትሪ መጠን፣ ወደ 15 ወይም 20 በመቶ ከፍ አድርጊው። ያኔ የሚወስደው እርምጃ፣ ክሪቲካል አክሽኑ፣ ሃይበርኔት መሆኑንም አረጋግጪ። ቁጥሩ በዝቷል ብለሽ አትሳሺ፤ ጥቂት ደቂቃ ሥራ ቢያስቀርብሽ ነው።

መኪና ላይ ስትወጪ ስሊፕ ያደረግሽውን ላፕቶፕ ቦርሳ ውስጥ አትክተቺ። አንዳንዱ፣ በተለይ አዲሱ፣ ተኝቶም ከኢንተርኔት ጋር ስለሚገናኝ ቦርሳው ውስጥ ይግላል፣ ባትሪውንም ይጨርሳል። ሃይበርኔት ስታደርጊም ስክሪኑ እንደጠቆረ አትቸኩዪ። የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ካለው ጽፎ እስኪጨርስ አንድ ደቂቃ ሊፈጅ ይችላል፤ መብራቶቹ ሁሉ ጠፍተው ድምፁ ሲያቆም አንሺው። እየተሽከረከረ መንገጫገጭ ዲስኩን ይጎዳዋል።

ፍላሽ ነገር ደግሞ አለ። ሃይበርኔት ከማድረግሽ በፊት በኢጀክት (በማውጫው ትእዛዝ) አውጥተሽ ንቀዪው። ተሰክቶ እያለ ሃይበርኔት አድርገሽ፣ ነቅለሽ ፎቶ ኮፒ ቤት ፋይል ጨምረሽበት ብትመልሺው፣ ላፕቶፕሽ ሲነሳ የሚያስታውሰው የድሮውን ይዘት ስለሆነ ፋይሎቹን ሊያበላሽ ይችላል።

የምትመጪበትን ቀን ደውለሽ ንገሪኝ፤ መናኸሪያ እጠብቅሻለሁ።

ወዳጅሽ፣ ከጅማ