ደቻቱ ግድግዳ ላይ እሬት እንሳል

ክቡር አዘጋጅ፣

ድሬዳዋ ውስጥ የሥዕል መምህር ነኝ። በቅርቡ ተማሪዎቼን «በአካባቢያችሁ በዱር የሚበቅል አበባ ሳሉልኝ» አልኳቸው። አደይ አበባ መጣ፣ ጽጌረዳ መጣ። ሳሎን ካለው የፕላስቲክ አበባ የቀዱም ነበሩ። እሬት የሳለ ግን አንድም ልጅ አልነበረም። ለምን ብዬ ስጠይቅ ከኋላ የተቀመጠች ልጅ «ቲቸር፣ እሬት ያብባል እንዴ?» አለችኝ።

ይህ ጥያቄ እስካሁን ከውስጤ አልወጣም። እኛ እሬትን የምናውቀው በምሬቱ ነው። እናቶቻችን ጡት ሊያስጥሉን ቀብተውታል። ኑሮ ሲከብደን «እንደ እሬት መረረኝ» እንላለን። አበባውን ለልጆቻችን ያሳየናቸው ግን መቼ ነው?

ከድሬ ወደ ደንገጎ ሽቅብ ስትወጡ በመስኮት ተመልከቱ። ከድንጋይ መሐል ረጅም ዘንግ ሰዶ፣ ቱቦ የመሰሉ አበቦቹን ያንጠለጠለ ተክል ታያላችሁ። ዙሪያው ሁሉ በደረቀበት ወቅት እንኳ ንቦችና ማር የሚመጥጡ ትንንሽ ወፎች እሱን ይከብቡታል። በምሥራቁ አካባቢያችን ካሉት የእሬት ዓይነቶች አንዱ በሳይንሳዊ ስሙ አሎ ሐርላና ይባላል። ስሙ የወጣለት በ1957 እ.ኤ.አ. ነው። ሐርላ የት እንደሆነ ለድሬ ሰው አልነግርም፤ የጥንቱ ከተማ ፍርስራሽ እዚሁ አጠገባችን ነው። ይህ እሬት በዱር የሚበቅለው በእኛው በሐረርጌ ምድር ነው። ከዚህ ከጠፋ ሄደን የምናየው ሌላ ተራራ የለም።

ልጅ ሆኜ እሬት ሞልቶበት የማውቀው አንድ ተዳፋት ዛሬ ድንጋይ ይወጣበታል። ባለፈው ሄጄ ሳየው አንድ እግር እንኳ አልቀረም። በጣም አዘንኩ። ያለቀሰለት ሰው አለመኖሩ ደግሞ የበለጠ አሳዘነኝ፤ ስሙን የማያውቁት ነገር ሲጠፋ ማን ልብ ይላል?

ስለዚህ ሐሳቤን ላቅርብ። ከ1998 ዓ.ም. ጎርፍ በኋላ በደቻቱ ወንዝ ዳር የተሠራው የመከላከያ ግድግዳ ረጅም ነው። በየቀኑ ስንትና ስንት ሰው ያልፍበታል። እዚያ ላይ የአካባቢያችንን እሬቶች በትልቁ እንሳል። ከሥሩ ስማቸው በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞና በሶማሊኛ ይጻፍ። ሥዕል ለዚህ አገር አዲስ ነገር አይደለም። በአካባቢያችን የሚገኘው የለገ ኦዳ ዋሻ ሰዎች ከሺህ ዓመታት በፊት ከብቶቻቸውን ድንጋይ ላይ ሥለዋል። የሐረር እናቶችም የቤታቸውን ግድግዳ በቀለምና በስፌት ያስጌጡታል። ሰው የሚሳሳለትን ነገር ከዓይኑ አያርቅም።

ሁለት ነገር ግን አደራ እላለሁ። አንደኛ፣ የሚሳለው እውነተኛው ተክል ይሁን። ቅጠሉ ወፍራም፣ ጠርዙ እሾሃማ፣ አበባው ቁልቁል የተንጠለጠለ። ከካርድ ላይ የተቀዳ ጽጌረዳ ከሆነ ልጅቷ ተራራው ላይ ስታገኘው አታውቀውም። ቀለሙም ለውጪ የሚሆን ይሁን፤ ርካሹ በድሬ ፀሐይ ዓመት ሳይሞላው ይረግፋል።

ሁለተኛው ይበልጥ ያሳስበኛል። ሥዕሉን አይቶ የወደደ ሰው አካፋ ይዞ ወደ ተራራው እንዳይሄድ። የሚበቅልበት ቦታ ግድግዳው ላይ አይጻፍ። ከአሎ ቬራ በስተቀር የእሬት ዝርያዎች ዓለም አቀፍ ንግድ የዱር እንስሳትና ዕፅዋትን ንግድ በሚቆጣጠረው የሳይተስ ስምምነት ሥር ነው፤ አገራችንም አባል ናት። ለግቢው የሚፈልግ ሰው ከዘር የፈላ ችግኝ ያግኝ። የከተማችን ችግኝ ጣቢያዎች ከጌጥ ተክሎቹ ጎን ለእሬት አንድ መደብ ቢሰጡት ምን አለበት?

ልጆቹ ንድፉን ጀምረዋል። ያቺ ከኋላ የምትቀመጠው ተማሪዬ አበባውን በቀይ እርሳስ አራት ጊዜ ሥላ አራት ጊዜ አጥፍታዋለች፤ አምስተኛው ወንበሬ ላይ ነው። አስተዳደሩ ግድግዳውን ከፈቀደልን ቅዳሜና እሑድ ብሩሻችንን ይዘን እንመጣለን። ቀለም ማዋጣት የምትችሉ ነጋዴዎች፣ ከልጆቹ ጋር መሥራት የምትፈልጉ ሠዓሊያን ኑልን።

አንድ የሥዕል መምህር
ከድሬዳዋ