እማዬ፣ ቆሎውን ለምን ተውሽው?

ይድረስ ለእማዬ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ሁላችንም ደህና ነን። ይህን ነገር በስልክ ልነግርሽ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስቱንም ጊዜ ወሬውን ወደ ዝናቡና ወደ ጎረቤት ሠርግ ስለወሰድሽው ነው የጻፍኩልሽ። መነጽርሽን አድርገሽ ራስሽ አንብቢው። ሚሚ እንድታነብልሽ አትስጫት።

ትንሿ ሰባት ዓመት ሞላት። ከፊት ሁለቱ ጥርሶቿ ወልቀው ስሟን እንኳ አስተካክላ መጥራት አቅቷታል። እዚህ ፎቅ ላይ ስለምንኖር፣ አያቴ ቆርቆሮው ላይ ትወርውርልኝ ብላ አንዱን ጥርስ በወረቀት ጠቅልላ አስቀምጣልሻለች፤ ሰው ሲመጣ እልከዋለሁ። በየስድስት ወሩ የጥርስ ሐኪም ዘንድ እንወስዳታለን። ባለፈው ወር አመመኝ አላለችም፣ እኔም አፏን ከፍቼ ምንም አላየሁም። ሐኪሟ ራጅ ስታነሳት ግን በሁለት መንጋጋዎቿ መካከል፣ ብሩሽ በማይገባበት ቦታ፣ ጥርሱ መበስበስ ጀምሯል። በግማሽ ሰዓት ጠርጋ ሞላችው። ቆይቶ ነርቩ ጋ ቢደርስ ኖሮ ሌሊት ሌሊት ስንቃትት እናድር ነበር። አዲስ የበቀሉትን የኋላ መንጋጋዎችም ምግብ እንዳይሸጎጥባቸው ስንጥቃቸውን በቀጭኑ ደፍናላታለች።

የልጅ ወሬ ማብዛቴ ለምን እንደሆነ ሳይገባሽ አይቀርም።

የፋሲካ ማግስት በቪዲዮ ስንገናኝ ቡናው ተፈልቶ ቆሎው ፊትሽ ተቀምጦ ነበር። አንድ ፍሬ አላነሳሽም። አንቺ፣ የተቆላ ሽምብራ እያንኳኳሽ አባዬን ከእንቅልፉ ትቀሰቅሺ የነበርሽው ሴት! ዳቦውን ሻይ ውስጥ ነክረሽ በግራ በኩል ብቻ አላመጥሽ። አቡሽ ሲያስቅሽም ነጠላሽን አፍሽ ላይ አደረግሽ። ምነው ስልሽ፣ «ጥርሴ እንደ ወተት ነው፣ ምን ሆንኩ ብዬ ነው ሐኪም ቤት የምሄደው?» አልሽኝ።

ነጭነቱንማ ማን ይክዳል? የደጋ ውኃ ያሳደገው ጥርስ ነው። ወንጂ የመጣሽው ጥርስሽ በቅሎ ካለቀ በኋላ ነው፤ የጉድጓዱ ፍሎራይድ፣ ውኃ ውስጥ ሲበዛ የልጅ ጥርስ የሚያበላሸው ማዕድን፣ ያገኘን እኛን ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በአንድ ሊትር ከ1.5 ሚሊ ግራም አይለፍ ይላል፤ የእኛ ጉድጓዶች ግን ከዚያ በብዙ እጥፍ ያልፉ ነበር። አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ መጀመሪያ ያየኝ ሐኪም አፌን ከፍቶ ትንሽ ዝም አለና «ልጅ ሆነሽ የጠጣሽው ውኃ ከየት ነበር?» ብሎ ጠየቀኝ። ቡናማው ቀለም ጥርሱ ገና ድድ ውስጥ ሳለ የገባ ስለሆነ በመፈተግ እንደማይለቅ ነገረኝ።

በመፈተግ እንደማይለቅ፣ እማዬ። የከሰሉንና የጨውን ነገር ታስታውሺዋለሽ? ጓሮ በርጩማ ላይ አስቀምጠሽኝ ድዴ እስኪደማ ትፈትጊው ነበር። እሱስ ለእኔው ብለሽ ነው። የስምንተኛ ክፍል ፈተና ፎቶ ልነሳ የሄድን ቀን ግን ፎቶ አንሺው ሳቂ ሲለኝ፣ «አፍሽን ግጠሚ፣ ጥርስሽ ይታያል» አልሽ፤ ሰውዬው እየሰማ። ከዚያ ወዲህ ያሉትን ፎቶዎች አንድ በአንድ እይያቸው፤ የሠርጌን ጨምሮ። ሁሉም ላይ አፌ ግጥም ያለ ነው። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ላነሳልሽ እያልኩ ትቼዋለሁ። ዛሬም ላነሳው አልነበረም፤ ያ ነጠላ ነው ያስነሳኝ።

ነጭ ጥርስ ሥሩ ሊላቀቅ ይችላል። ጥርስና ድድ መካከል የሚቀረው ቆሻሻ እየጠጠረ እንደ ድንጋይ ይሆናል፤ መፋቂያም ብሩሽም አያነሳውም። ድዱ ይሸሻል፣ ከሥር ያለው አጥንት ይበላል፣ አብዛኛውን ጊዜም ሳያም ነው። ያንቺ ድድ ደግሞ ስለተነቀሰ ቢቀላም አያስታውቅም። ሐኪሙ ቁጥር ባለበት ቀጭን ብረት በጥርስና በድድ መካከል ያለውን ክፍተት ጥልቀት ይለካል፤ እስከ 3 ሚሊ ሜትር ደህና ነው፣ ከዚያ ካለፈ ይታሰብበታል። ስኳር ያለበት ሰው ላይ ድድ ቶሎ ይታመማል፤ የታመመ ድድም በተራው ስኳሩን አልወርድ ያሰኘዋል። መድኃኒቱን ሳታቋርጪ ስኳርሽ ከፍ እንዳለ ሚሚ ስትነግረኝ ይኼ ነው ትዝ ያለኝ። ለክትትል በሄድሽ ቁጥር እግርሽንም ዓይንሽንም ያዩልሻል፤ አፍሽን ግን ማንም ክፈቺ ብሎሽ አያውቅም።

አሁን ዋናውን ልናገር። ምላስሽ ጎን ላይ ያለውን ቁስል ሰምቻለሁ። ሚሚን እንዳትቆጫት፣ እኔ ነኝ አስጨንቄ ያናገርኳት። ሁዳዴ ሲገባ የወጣ ቁስል ፋሲካ አልፎም አልዳነም። በርበሬው ነው ብለሻታል። የተሸረፈው መንጋጋሽ እየፋቀው ሊሆን ይችላል፤ ያ ከሆነ ሐኪሙ ስለቱን ያለሰልሰውና ከሁለት ሳምንት በኋላ መልሶ ያየዋል። ካልዳነ ግን ቅንጣት ቆርጦ ለምርመራ ይልካል። አፍ ውስጥ ከሁለት ሳምንት በላይ የቆየ ቁስል በሐኪም መታየት አለበት፤ ባያምም። አያምም ማለትሽ ነው እንዲያውም እንቅልፍ የነሳኝ። የአባዬን አላነሳም። እሱም አያምም ይል ነበር።

አቡሽ አዳማ ቀጠሮ አስይዞልሻል፤ ማክሰኞ ጠዋት 3 ሰዓት ነው። ገንዘቡን ልኬለታለሁ፣ ስለ እሱ አትጨነቂ። ቁርስሽን በልተሽ፣ የስኳር መድኃኒትሽን እንደ ወትሮው ወስደሽ ሂጂ፤ ጾመሽ እንዳትሄጂ። የደም ግፊቱንም አስፕሪኑንም ጨምሮ የምትወስጃቸውን ሁሉ በፌስታል ይዘሽ አሳዪው፤ በራስሽ ግን አንዱንም አታቋርጪ። አፍሽ ሌሊት እንደሚደርቅ ንገሪው፤ ከመድኃኒቱ ሊሆን ይችላል። ጥርሱን ለማሳጠብ ነው የመጣሁት ብለሽ ቁስሉን እንዳትደብቂው። ሚሚ አብራሽ ትገባለች። ውጪ ጠብቂኝ እንዳትያት።

ማክሰኞ ማታ እደውላለሁ፤ በቪዲዮ ነው። ነጠላውን ዝቅ አድርጊልኝ።

ልጅሽ