«ሉግዱኒ» ሁሉ ሊዮን አይደለም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ስለ ኢትዮጵያ የተጻፉ ጥንታዊ የአውሮፓ መጻሕፍት ሲዘረዘሩ የታተሙበት ከተማ ስም አዘውትሮ ይሳሳታል። ጥፋቱ የሚመጣው በርዕስ ገጹ ግርጌ ያለውን ላቲን እስከ መጨረሻው ካለማንበብ ነው። «ሉግዱኒ» ብቻውን ከቆመ አብዛኛውን ጊዜ የፈረንሳይዋ ሊዮን ናት፤ «ባታቮሩም» ከተከተለው ግን የሆላንዷ ላይደን ናት። ይህ ሁለተኛ ቃል «ባት.» ተብሎ ሊያጥር ወይም ወደ ታችኛው መስመር ሊወርድ ስለሚችል ዓይን ያልፈዋል። የአሳታሚው ስም ኤልዜቪር ከሆነ ደግሞ ሊዮን ብሎ መጻፍ ጭራሽ አይሆንም፤ የኤልዜቪር ቤተሰብ ዋና መናኸሪያ ላይደንና አምስተርዳም ነበር።

«አውጉስታ»ም ያው ናት። ቪንዴሊኮሩም ሲጨመርባት አውግስቡርግ፣ ትሬቬሮሩም ሲጨመርባት ትሪር፣ ታውሪኖሩም ሲጨመርባት ቱሪን ትሆናለች።

ፍራንክፈርትም ሁለት ናት። እ.ኤ.አ. በ1681 የወጣው የጀርመናዊው ምሁር የሂዮብ ሉዶልፍ የኢትዮጵያ ታሪክ «ፍራንኮፉርቲ አድ ሞዬኑም» ይላል፤ በማይን ወንዝ ዳር ያለችው ማለት ነው። «አድ ቪያድሩም» ቢል ኖሮ በኦደር ወንዝ ዳር ያለችው ትሆን ነበር። ስለዚህ የወንዙን ስም ቆርጦ መጣል መረጃውን ማጥፋት ነው።

ሌላው ችግር ፍለጋ ላይ ነው። በርዕስ ገጽ ላይ ያለው ስም «በዚህ ከተማ» የሚል ትርጉም ያለው የቃል መጨረሻ ይዟል፤ «ሉግዱኒ» በቤተ መጻሕፍት ማውጫ ውስጥ «ሉግዱኑም»፣ «ሎንዲኒ» ደግሞ «ሎንዲኑም» ተብሎ ሊገኝ ይችላል። የማውጫ ካርድ የሚሞላ ሰው ገጹ ላይ ያለውን እንዳለ ይገልብጥ፤ የዛሬውን ስም አጠገቡ በቅንፍ ያስቀምጥ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ አንባቢ