ይድረስ ለሲልቨር ስፕሪንጓ ጓደኛዬ

የኔ ቆንጆ፣

እንደምን ከረምሽ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ጠፋሁብሽ፤ አንቺም ጠፍተሻል፤ ተቻችለናል። የሰርጉን ነገር አላነሣም፤ አንቺም አታንሺው። ልጆቹ ለምደዋል፣ ውሃው በፈረቃ ነው፣ የካ አባዶም እንደምታውቂያት ናት። ወሬው ይኸው ነው።

የጻፍኩልሽ ቸግሮኝ ነው። እንዳትስቂ።

ያ ደለስ ኤርፖርት የጠፋው ክሬዲት ካርዴ ትዝ ይልሻል? አጠገቤ ቆመሽ እኮ ነው ደውዬ ያስዘጋሁት። "ተዘግቷል፣ አታስቢ" አሉኝ፤ እኔም ረሳሁት። ለካስ አልተዘጋም! አንዱ ሌባ ነዳጅ ሲቀዳበት፣ ስልክ ሲገዛበት፣ ጫማ ሲያማርጥበት ከርሟል። ወደ 1,900 ዶላር። ባንኩ ዕዳውን ለሰብሳቢ ድርጅት ሸጦት እጁን ታጥቧል። ዕዳ ከሜዳ!

ያቺን የሜሪላንድ ቁጥሬን በኢንተርኔት ይዣታለሁ፤ የሚደውሉት በእሷ ነው። እዚያ ከሰዓት ሲሆን እዚህ መሽቷል። መብራት ጠፍቶ፣ ልጆቹ ተኝተው፣ ጅብ ከማዶ ሲጮህ ስልኬም ይጮሃል። ሰውየው ደግሞ የሚጠራኝ በአባቴ ስም ነው። መጀመሪያ ቀን በእንቅልፍ ልቤ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ አባባ ተበድሮ የሞተ መስሎኝ ክው አልኩ።

ትሁት ሰው ነው። ትሕትናው ነው የሚያናድደኝ። "ለዛሬ 25 ዶላር ብቻ ይክፈሉና ቅንነትዎን ያሳዩን" ይለኛል። የምን ቅንነት! ሮክቪል ላይ ነዳጅ ተቀዳ የሚለኝ እኮ ጥምቀት ዕለት ነው። እኔ ነጠላዬን አጣፍቼ ታቦት ስሸኝ ውያለሁ። ፓስፖርቴ ላይ የቦሌ የመግቢያ ማኅተም አለ።

ቡና ላይ ሳወራው ጎረቤቶቼ ሳቁብኝ። ታች ቤት ያሉት እትዬ "እስከ አባዶ መጥተው ሊያስሩሽ ነው?" አሉኝ። ባሌም "ቁጥሩን ዝጊውና ይድከሙ" ይላል። እውነት ለመናገር፣ ከጅሎኛል። ግን ስሜ ነው። የሰውን የብድር ታሪክ የሚመዘግበው ክሬዲት ቢሮ ዘንድ "በልታ ጠፋች" ተብሎ ይቀመጥ? ደግሞ... ይህን ለማንም እንዳታወሪ፤ ትልቋ 12ኛን ስትጨርስ እዚያ ይዣት ልምጣ እያልኩ አስባለሁ። ባሌ ገና አልሰማም። እንዴት እንደምነግረውም እንጃ።

ሕጉን አገላብጬዋለሁ፤ አሁን ጠበቃ ልሆንልሽ ምንም አልቀረኝ። በ1977 እንደ ፈረንጆቹ በወጣው የአሜሪካ የዕዳ ሰብሳቢዎች ሕግ፣ እኔ ባለሁበት አገር ሰዓት ከጠዋቱ 2 በፊትና ከምሽቱ 3 በኋላ መደወል የለባቸውም። ይህን ስነግረው ዝም አለ። ካርድ ጠፍቶ ሌላ ሰው ቢጠቀምበት ደግሞ ባለቤቱ የሚጠየቀው ቢበዛ 50 ዶላር ነው። መጥፋቱን ካመለከተ በኋላ ለወጣው ግን አምስት ሳንቲም አይከፍልም። ዋናው ነገር ይኼ ነው፦ ዕዳውን የሚገልጽ ደብዳቤ መላክ አለባቸው። እሱ በደረሰ በ30 ቀን ውስጥ "የኔ አይደለም" ብዬ በጽሑፍ ከተቃወምኩ፣ ማስረጃ እስኪልኩልኝ ድረስ እኔን ማሳደድ ያቆማሉ። በስልክ መጨቃጨቁ ለቁጣ ካልሆነ ለምንም አይጠቅም።

ደብዳቤውን የት ላኩት መሰለሽ? አንቺ ቤት! ስመጣ አድራሻሽን ሰጥቼ የለ? አውቅሻለሁ፣ ማይክሮዌቩ ላይ ከፒዛ ኩፖን ጋር ከምረሽዋል። በናትሽ ዛሬውኑ ፈልጊው፤ ቀኑ እየሮጠብኝ ነው። መቃወሚያውን ጽፌ፣ ፈርሜ በቴሌግራም እልክልሻለሁ። አትመሽ፣ የማኅተሙን ኮፒ አያይዘሽ በአደራ ደብዳቤ ላኪልኝ። መቀበላቸውን የሚያሳየውን ደረሰኝ እንዳትረሺ፤ ያለሱ "አልደረሰንም" ነው የሚሉት።

ይህን ያህል ጠፍቼ ሥራ ማዘዜ... ምን ላድርግ፣ ሌላ ማንን ልዘዝ? በርበሬና ሽሮ አስፈጭቼልሻለሁ፤ የሚመጣ ሰው ሳገኝ እልካለሁ። ጉቦ ነው ካልሽም በይ።

ፖስታውን ስታገኚ እንዳትቀጂው። በምላጭ ክፈቺና ፊትና ጀርባውን ፎቶ አንሺልኝ፤ የፖስታ ቤቱ ቀን በደንብ ይታይ።

ያንቺዋ፣
የአባዶዋ