ዩቪ መብራት የታመመ ዓሣ አያድንም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ጤና ይስጥልኝ። ቤት ውስጥ ስለሚያዝ የጨው ውሃ አኳሪየም (የዓሣ ገንዳ) ያወጣችሁትን ጽሑፍ ወድጄዋለሁ። አንዷን ነገር ግን ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም፤ ዩቪ (አልትራቫዮሌት) መብራት ከተገጠመ ዓሣ አይታመምም የምትለዋን። እዚህ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ፣ የጨው ውሃ ገንዳ የጀመሩ ወንድም እህቶች ሲደውሉልኝ ወሬው አንድ ነው፤ ዓሣው ላይ ነጭ ነጥብ አይተው ሱቅ ሲሮጡ መጀመሪያ የሚሸጥላቸው ይሄው መብራት ነው። ገንዘባቸው ይወጣል፣ ዓሣውም ይሞታል። ያሳዝነኛል።

መሣሪያው ውሃ የሚያልፍበት ቱቦ ነው፤ መሃሉ ላይ በኳርትዝ ብርጭቆ የተሸፈነ አምፖል አለ። የሞገድ ርዝመቱ ወደ 254 ናኖሜትር የሚሆነው ጨረር በዚያ የሚያልፉትን ጥቃቅን ተሕዋስያን ዘረ መል ያበላሽና እንዳይባዙ ያደርጋል። እንደ ኬላ ቁጠሩት። መንገድ ላይ ያገኘውን ይይዛል፣ ቤቱ የተቀመጠውን አያገኘውም።

ነጭ ነጥቡን የሚያመጣው ጥገኛ ተሕዋስ ደግሞ ብዙውን ዕድሜውን ቤቱ ነው። መጀመሪያ የዓሣው ቆዳና ስንጥብ ውስጥ ገብቶ ለቀናት ይመገባል። ከዚያ ይወርድና አሸዋው ወይም ድንጋዩ ላይ ተለጥፎ፣ ቅርፊት ሠርቶ፣ ውስጥ ውስጡን ይባዛል፤ ሲፈለፈል ብቻ ነው ልጆቹ ውሃው ላይ የሚበተኑት፣ እነሱም ዓሣ ካላገኙ በአንድ ሁለት ቀን ያልቃሉ። መብራቱ የሚያገኛቸው ያኔ ብቻ ነው፣ ያውም ወደ ቱቦው ከገቡለት። የሚፈለፈሉት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በጨለማ ነው፣ ዓሣው እዚያው ድንጋይ ሥር ተኝቶ ሳለ። ታዲያ ማን ይቀድማል?

በተለይ ታንግ የሚባሉት ዓሦች፣ የኛ ጎረቤት የቀይ ባሕሩ ሐምራዊ ታንግ ጭምር፣ ለዚህ በሽታ ቶሎ ይጋለጣሉ። ዓሣው ሰውነቱን ድንጋይ ላይ ሲያሽ ወይም ቶሎ ቶሎ ሲተነፍስ ካያችሁ ነጥቡን አትጠብቁ።

መፍትሔው ኳራንታይን ነው። አዲስ ዓሣ ሁሉ መጀመሪያ ለብቻው በሌላ ገንዳ ይቆይ። የመዳብ መድኃኒት እዚያው ይሰጠው፣ መጠኑ በመለኪያ እየታየ፤ ኮራል የሚባለው የባሕር እንስሳ ያለበት ገንዳ ውስጥ መዳብ ከገባ ኮራሉም ሽሪምፑም ያልቃል። በሽታው ዋናው ገንዳ ከገባ ደግሞ ዓሦቹን በሙሉ አውጥቶ ገንዳውን 76 ቀን ያለ ዓሣ ማቆየት ነው የተለመደው። ረጅም ነው፣ አውቃለሁ። ግን ጥገኛው ኮራልና ቀንድ አውጣ ላይ ስለማይኖር እነሱ እዚያው ይቀመጣሉ።

መብራቱን ጣሉት እያልኩ አይደለም። እኔም አለኝ። አረንጓዴ የሆነ ውሃ ያጠራል፣ የሚበተነውን ጥገኛም ይቀንሳል። ጠቃሚው ባክቴሪያ ድንጋዩና አሸዋው ላይ ስለሚኖር እሱንም አይጎዳም። ብቻ ውሃው በዝግታ ይለፍ፤ ፓምፑ ከፈጠነ ጨረሩ በቂ ጊዜ አያገኝም። አምፖሉን በዓመት አንዴ ቀይሩት፣ ሰማያዊ ብርሃኑ እያለም ጨረሩ ይደክማል። ኳርትዙ ላይ ነጭ ኖራ ሲጋገር ነቅላችሁ በአቼቶ እሹት። አምፖሉን ከቱቦው አውጥታችሁ ግን በፍጹም አታብሩት፤ ዓይንና ቆዳ ያቃጥላል፣ በተለይ ልጆች ባሉበት ቤት።

አክባሪያችሁ
ከሲልቨር ስፕሪንግ