እናቴ ለምን ደም እንደሰጠች ይነገራት

ለጎንደር ከተማ ጤና መምሪያ
ጎንደር

ጉዳዩ፦ ታካሚ ስለታዘዘለት ምርመራ እንዲነገረው ስለመጠየቅ

የተከበራችሁ የመምሪያው ኃላፊዎችና ባለሙያዎች፣

እንደምን ከረማችሁ? እኔ የማራኪ ነዋሪ ነኝ። ባለፈው ክረምት እናቴን ለማሳከም ሄጄ ነበር። የት እንደሆነ ስም አልጠራም። ጎረቤቶቼን ስጠይቅ ብዙዎቹ በየሄዱበት ተመሳሳይ ነገር ገጥሟቸዋል።

እናቴን ድካም ድካም ይላት ነበር። ዳገት ስትወጣ ልቧ ይመታል። «ነገ ምግብ ሳይቀምሱ ይምጡ» ተባለች። ሳትበላ መጣች። ግን ጠዋት ሁለት ሲኒ ቡና ጠጥታለች፣ ስኳሩንም ደህና አድርጋ። ለእሷ ቡና ምግብ አይደለም። ለምን ባዶ ሆድ እንደሚያስፈልግ የነገራት ሰው አልነበረም።

ደም የቀዳችው ልጅ ሁለት ብልቃጥ ሞላች። የአንዱ ክዳን ቀይ፣ የአንዱ ወይን ጠጅ። እናቴ ነጠላዋን ሰብሰብ አድርጋ «ልጄ፣ ሁለት ጊዜ ምን ያደርግላችኋል?» አለቻት። ልጅቷ በሥራ ተወጥራለች፣ ወረፋው እስከ በሩ ድረስ ነው። «ሐኪሙ ያዘዘው ነው እማማ» ብላ ወደሚቀጥለው ሄደች። አልፈርድባትም። እናቴ ግን ቀኑን ሙሉ ደሜ ተወሰደ ስትል ዋለች። አንዱ ብልቃጥ የሚይዘው ከሻይ ማንኪያ ብዙም አይበልጥም፤ ያን ያወቅሁት እኔም በኋላ ጠይቄ ነው።

ስኳሯ 138 ሆነና «ስኳር አለብዎት» ተብላ ኪኒን ታዘዘላት። ቤት ስንገባ አለቀሰች። እህቷ በስኳር እግሯን አጥታለች። በሌላ ቀን፣ ከማታ ጀምሮ ከውሃ በቀር ምንም ሳትቀምስ ስትለካ 94 ሆነ። የባዶ ሆድ ስኳር ሲለካ ቢያንስ 8 ሰዓት ከውሃ ሌላ ምንም መግባት የለበትም። 126 እና ከዚያ በላይ ቢገኝም እንኳ አብዛኛውን ጊዜ ተደግሞ ይረጋገጣል። ይህን አንድ ሰው በሁለት ዓረፍተ ነገር ቢነግራት ያ ሁሉ እንባ አይፈስም ነበር።

ከዚህ ይብስ ያሳዘነኝ ሌላው ነው። ያንኑ የመጀመሪያ ቀን ወረቀት ሌላ ባለሙያ ሲያየው ጣቱን አንድ መስመር ላይ አሳረፈ። ሄሞግሎቢን 9.6። በወይን ጠጅ ክዳኑ ብልቃጥ የተሠራው አጠቃላይ የደም ምርመራ ነበር። ለአዋቂ ሴት ከ12 ሲወርድ የደም ማነስ ይባላል፤ እንደ ጎንደር ከፍ ባለ ቦታ ለሚኖር ደግሞ መለኪያው ትንሽ ከፍ ይላል። የድካሟ መልስ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ቦርሳዋ ውስጥ ነበር። ወረቀቱ በሙሉ በእንግሊዝኛ ነው፣ ማን ያንብብላት?

ስለ ታይፎይድም ላንሳ። በሰፈራችን «ታይፎይዴ ተነሳብኝ» የማይል የለም። ትኩሳት ሲኖር ደም ይሰጣል፣ «ታይፎይድና ታይፈስ» ይባላል፣ መድኃኒት ይገዛል። ዊዳል የሚባለው ምርመራ ግን ጀርሙን አያይም። የሚያየው ሰውነት የሠራውን መከላከያ ነው። ያ መከላከያ ካለፈው ዓመት ሕመም ሊቀር ይችላል፣ ከሌላ በሽታም ሊመጣ ይችላል። ጀርሙን የሚያሳየው ከተወሰደው ደም ጀርሙን አሳድጎ የሚያየው የካልቸር ምርመራ ነው፤ እሱም ቀናት ይፈጃል። ታዲያ ከመተማ ወይም ከሁመራ የሰሊጥ ሥራ የተመለሰ ልጅ፣ ሁለት ሳምንት ያለፈው ትኩሳት ይዞት፣ ሰውነቱ መንምኖ፣ ጣፊያው አብጦ፣ በአንድ ዊዳል «ታይፎይድ ነው» ተብሎ ሲሸኝ ምን ይሆናል? ወባም፣ በአሸዋ ዝንብ ንክሻ የሚተላለፈው ካላዛርም መታየት ነበረባቸው። ካላዛር ካልታከመ ይገድላል። ማከሚያው እኮ እዚሁ ጎንደር፣ ዩኒቨርሲቲው ሆስፒታል ውስጥ አለ።

ከተማችን በ1947 ዓ.ም የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የተከፈተባት ናት። ጤና መኮንኖች፣ የማኅበረሰብ ነርሶችና ሳኒቴሪያኖች (የአካባቢ ንጽህና ባለሙያዎች) እዚህ ሠልጥነው ገጠር ወጥተው ሕዝቡን ያስተምሩ ነበር። የምጠይቃችሁም የዚያን ዓይነት ሥራ ነው።

ምርመራ ያዘዘ ባለሙያ ምክንያቱን በአንድ ዓረፍተ ነገር ይንገር፦ «ይህ ኩላሊትዎን ለማየት ነው»፣ «ይህ አክታ የሳንባ ነቀርሳ ካለ ለማወቅ ነው»። ለነፍሰ ጡር ሽንት የሚታየው ኢንፌክሽን ካለ ለማወቅና ፕሮቲን ካለበት የደም ግፊቷን አብሮ ለመከታተል መሆኑን እናቲቱ ትስማ። የባዶ ሆድ ምርመራ ላለበት «ቡናም፣ ሻይም፣ ስኳርም አይሆንም» የሚል ትልቅ የአማርኛ ጽሑፍ በካርድ ክፍሉ በር ላይ ይለጠፍ። ውጤቱም ለታካሚው በእጁ ይሰጠው፣ ከጎኑ ሁለት መስመር የአማርኛ ማብራሪያ ይኑረው። ዊዳልን በተመለከተ ደግሞ ለጤና ጣቢያዎችና ለግል ክሊኒኮች ግልጽ መመሪያ እንድታወርዱ እለምናለሁ። ገንዘብ የሚጠይቀው ካልቸሩ ነው እንጂ የቀረው ወረቀትና ጥቂት ደቂቃ ነው።

እናቴ የብረት ኪኒኗን እየወሰደች ነው፤ በሚቀጥለው ወር ሄሞግሎቢኗ እንደገና ይታያል። ያን ቀንም ልጅቷን «ይሄ ምን ያደርግላችኋል?» ብላ መጠየቋ አይቀርም። የሚመልስላት ሰው እንዲኖር እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
አንድ የማራኪ ነዋሪ፣ ጎንደር